የባራ ደሴት የዜማ በዓልና የእናት ቋንቋ

ርስት ለልጅ የሚተላለፈው በወረቀትና በምስክር ነው። ቋንቋ ግን እንዲህ አይደለም። ቋንቋን ለልጅ የሚያወርሱት ሕፃኑን ሲያነሡትና ሲያስተኙት፥ ሲያበሉትና ሲቈጡት በሚናገሩት ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ቋንቋ ይጠፋ ዘንድ ጦርነትና እሳት የግድ አያስፈልገውም፤ የአንድ ትውልድ ወላጆች ለልጆቻቸው በሌላ ቋንቋ መናገር ከጀመሩ ነገሩ ያበቃል። በዚህ ወር በዓምዳችን የምናቀርበው ይህ አደጋ የደረሰበትን፥ ነገር ግን እጁን አጣጥፎ ያልተቀመጠውን የአንድ ሕዝብ ታሪክ ነው። ይኸውም በስኮትላንድ ደሴቶች የሚኖሩት የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቋንቋቸውንና ዜማቸውን ለልጆቻቸው ለማስተማር ያቋቋሙት በዓል ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጌሊክ አንዳንድ ሰዎች እንደሚመስላቸው የእንግሊዝኛ ዘዬ አይደለም። የኬልቲክ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የቅርብ ዘመዱ የአየርላንድ ቋንቋ ነው። በ563 ዓ.ም. ከአየርላንድ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ በአዮና ደሴት ገዳም የመሠረተው መነኵሴ ኮሉምባ የሚናገረው የዚህኑ ቋንቋ ጥንታዊ መልክ ነበረ። ከእርሱ በኋላ በተከተሉት መቶ ዓመታት ቋንቋው በስኮትላንድ እጅግ ተስፋፍቶ የነገሥታቱ አደባባይ ቋንቋ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በጥቂት ደሴቶች ዳር ተወስኖ የምናየው ቋንቋ አንድ ጊዜ የመንግሥት ቋንቋ የነበረ መሆኑን ልብ እንበል።

ውድቀቱ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። አስቀድሞ ቤተ መንግሥቱና ትልልቆቹ ከተሞች ወደ እንግሊዝኛው ወገን አዘነበሉ። በ1609 ዓ.ም. የምዕራብ ደሴቶች ባላባቶች የበኵር ልጆቻቸውን ወደ ቆላው አገር ልከው እንግሊዝኛ መናገር፥ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ በአዮና ግዴታ ገቡ። በ1746 ዓ.ም. በከሎደን በተደረገው ጦርነት የደጋው ሰዎች ሠራዊት ድል ከተመታ በኋላ የቈየው የጎሣ አስተዳደር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ባለ ርስቶች ከሰው ይልቅ በግ ይበልጥ ትርፍ እንደሚሰጥ ቈጥረው ጭሰኛውን ከአባቶቹ ቀዬ አስነሡት። በ1851 ዓ.ም. የባራና የሳውዝ ዩስት ደሴቶች ባለቤት የነበሩት ኮሎኔል ጎርደን ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎችን በመርከብ አስጭነው ወደ ካናዳ ሰደዱ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከጌሊክ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር።

ከመፈናቀሉም ይልቅ ወደ ቤት ውስጥ ዘልቆ የገባው የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። በ1872 ዓ.ም. የወጣው የስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ልጅ ሁሉ እንዲማር አዘዘ፤ ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ሕጉ ስለ ጌሊክ አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልሰማ ሕፃን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲጀምር ሆነ፤ በጌሊክ ሲናገሩ ተገኝተው እንደ ተቀጡም ብዙ ሽማግሌዎች በኋላ ዘመን መስክረዋል። ልጁ እናቱን የሚጠራበት ቋንቋ በትምህርት ቤት የሚያፍርበት ቋንቋ ሆነ።

ይህ ልጅ ሲያድግና እርሱም በተራው አባት ሲሆን ምን አደረገ? ለልጆቹ እንግሊዝኛ ተናገረ። ይህን ያደረገው ቋንቋውን ጠልቶ አይደለም፤ ልጁን ወዶ ነው። እኔን ያገኘኝ ኀፍረት ልጄን አያግኘው፥ በግላስጎው ሥራ ሲፈልግ አይቸገር ብሎ ነው። ቋንቋው የደከመው በጠላት እጅ ብቻ ሳይሆን በአፍቃሪ ወላጅ አሳብም ጭምር መሆኑ የዚህ ታሪክ እጅግ አሳዛኙ ክፍል ነው። ፍሬውም በቈጠራው ታየ። በ1891 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከ250 ሺህ በላይ የጌሊክ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የተቈጠሩት 57 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው።

ይህ ቈጠራ በተደረገበት በዚያው በ1891 ዓ.ም. ኦባን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ቋንቋውን የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው የጌሊክ ማኅበር አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት በ1892 ዓ.ም. እዚያው ኦባን ላይ የመጀመሪያውን ሞድ አደረጉ። ሞድ ማለት ጉባኤ ማለት ነው። አሳቡን የወሰዱት ጎረቤቶቻቸው የዌልስ ሰዎች ለቋንቋቸው ከሚያደርጉት የግጥምና የዜማ ጉባኤ ነበረ። የስኮትላንዱ ሞድም እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ገደማ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይደረጋል። በዚያም ሕፃናትና አዋቂዎች በብቸኛ ዜማ፥ በመዘምራን ጓድ፥ በግጥም ንባብ፥ በተረትና በመሣሪያ ይወዳደራሉ። በዜማው ውድድር ዜማውን የሚመዝን ዳኛ ለብቻ፥ የቋንቋውን አነጋገር የሚመዝን ዳኛ ለብቻ መቀመጡ ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ነው፤ ድምፁ ያማረ ሰው ቃሉን ካበላሸ አይሸለምምና።

ይህ ማኅበር ያደረገው ጥረት ዘፈን በማሰማት ብቻ አልቀረም። በ1918 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ ጌሊክ በሚነገርባቸው አገሮች ቋንቋው እንዲሰጥ አንድ አንቀጽ የጨመረው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ውትወታ ነው። ይሁንና ሞድ ትልቅ ጉባኤ ነው፤ ውድድርም ነው። በውድድር ላይ የሚቀርበው አስቀድሞ የሠለጠነ ልጅ ነው። ገና ያልተማረውን፥ በሩቅ ደሴት ላይ ቴሌቪዥን እያየ በእንግሊዝኛ የሚያድገውን ልጅ ማን ያስተምረው? የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘችው ባራ የምትባል ትንሽ ደሴት ናት።

ባራ በስኮትላንድ ምዕራብ በአትላንቲክ ባሕር ውስጥ ከተዘረጉት የሄብሪዲስ ደሴቶች በደቡብ ጫፍ የምትገኝ ስትሆን ነዋሪዎቿ ከ1,200 ብዙ አይርቁም። አውሮፕላን የሚያርፍባት የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ የበረራው ሰዓት የሚወሰነው ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጐድልበት ጊዜ ነው። ሕዝቧ በብዛት ካቶሊካዊ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የደሴቲቱ ወላጆች አንድ ነገር አስተዋሉ። አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ በመቶ የሚቈጠር ዜማ ያውቃሉ፤ ልጆቹ ግን አያውቁም። በትምህርት ቤትም የአባቶቻቸውን ዜማ የሚያስተምራቸው የለም። በደሴቲቱ ቄስ በአባ ኮሊን ማኪነስ መሪነት ተሰብስበው መከሩና በ1981 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ፌሽ አደረጉ። ፌሽ በጌሊክ በዓል ማለት ነው፤ የዚህኛው ስም ፌሽ ቫራይ፥ ማለት የባራ በዓል፥ ይባላል።

በዓል ስንል አንባቢ ድንኳንና ሰልፍ ብቻ አይምሰለው። ፌሽ በዓልም ትምህርት ቤትም ነው። በዕረፍት ወራት ልጆቹ ለጥቂት ቀናት ከጧት ጀምሮ ይሰበሰባሉ። አንዱ ቫዮሊን፥ አንዱ አኮርዲዮን፥ አንዱ ክላርሳች የሚባለውን የጥንት በገና፥ አንዱ የከረጢቱን ዋሽንት ይመርጣል፤ ዜማና ጭፈራ፥ ተረትና ጨዋታ በጌሊክ ይማራሉ። አስተማሪዎቹ ዜማውን ከአባቶቻቸው የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። የሚያስተምሩትም በብዛት በጆሮ ነው፤ መምህሩ ያሰማል፥ ልጁ ይመልሳል፥ እስኪይዘው ድረስ ይደጋገማል። ሲመሽ ኬይሊ ይሆናል። ኬይሊ በጥንት ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት በክረምት ሌሊት እሳት ዳር ተሰብስቦ ተረት የሚያወራበትና ዜማ የሚያሰማበት ጉብኝት ነበረ። ዛሬም በፌሹ ልጆቹ የተማሩትን ለወላጆቻቸውና ለአያቶቻቸው ያሰማሉ። በዚህ በዓል ሽልማት አይፈለግም፤ የሚፈለገው ልጁ የአያቱን ዜማ ለአያቱ መልሶ ማሰማቱ ነው።

በጆሮ መማር ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። የከረጢቱን ዋሽንት የሚነፉ የጥንት ሊቃውንት ረጅሙን ዜማ ለደቀ መዝሙር የሚያስተላልፉት በአፍ በሚዜሙ ልዩ ልዩ ፊደላት ነበረ፤ እያንዳንዱ ፊደል የጣትን አቀማመጥና የድምፅን ጌጥ ያመለክታል። መሣሪያ በማይገኝበት ቤት ደግሞ ጭፈራው እንዳይቀር በአፍ ብቻ የሚዜም ፈጣን የጭፈራ ዜማ ነበራቸው። ድህነት መሣሪያውን ቢነፍጋቸው አፋቸውን መሣሪያ አደረጉት።

የሴቶቹ ዜማ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በእጅ የተሸመነው የሱፍ ጨርቅ እንዲጠብቅና ነፋስ እንዳያሳልፍ፥ ርጥቡን ጨርቅ በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እየመቱ ማዞር ነበረባቸው። ሥራው ረጅምና አድካሚ ስለ ሆነ ክንዳቸውን የሚያስማማ ዜማ ያስፈልጋቸው ነበር። አንዲቱ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በአገራችን በደቦ ሥራ ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው። በእነዚህ ዜማዎች ውስጥ በመጻሕፍት ያልተጻፈ የብዙ ዘመን ታሪክ፥ በባሕር የሰጠመ ወንድም ልቅሶ፥ የተዳረች ልጅ ናፍቆት ተጠብቆ ኖረ። በባራ ተቀምጠው የነበሩት ጆን ሎርን ካምፕቤልና ባለቤታቸው ማርጋሬት ፌይ ሾ የዚህን ዜማና ተረት ብዙ ክፍል ሰብስበዋል። በ1951 ዓ.ም. በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ክፍልም መቅረጫ መሣሪያ ይዞ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዘዋወረ የሽማግሌዎችን ድምፅ ሰበሰበ።

ስለ ጸሎት ዜማቸውም አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በሰሜን ባለችው በሉዊስ ደሴት የሚኖሩት ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው መሣሪያ ሳይጨመር መዝሙረ ዳዊትን በጌሊክ ይዘምራሉ። መሪው አንዱን ስንኝ ብቻውን ያወጣል፤ ሕዝቡም ይቀበለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ዜማውን በራሱ መንገድ እያስጌጠ ስለሚከተል ድምፁ እንደ ባሕር ማዕበል ይነሣል፥ ይወርዳል። ሐዲስ ኪዳን በስኮትላንድ ጌሊክ የታተመው በ1767 ዓ.ም. ሲሆን መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1801 ዓ.ም. ተፈጽሟል። በትምህርት ቤት የተናቀው ቋንቋ በብዙ ቤት ክብሩን ጠብቆ የቈየው ጸሎት ስለሚደረግበት ነው።

የባራው ፌሽ በባራ ብቻ አልቀረም። ሌሎች ደሴቶችና ከተሞች አይተው ተከተሉ፤ በ1988 ዓ.ም. እነዚህን በዓላት የሚያስተባብር ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ በስኮትላንድ ከ40 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ በዓላት ይደረጋሉ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በግላስጎውና በኢንቨርነስ የመጀመሪያዎቹ በጌሊክ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተከፈቱ። በ2005 ዓ.ም. የጌሊክ ቋንቋ ሕግ ወጣ፤ በ2025 ዓ.ም. በጸደቀው ሕግም ጌሊክ በስኮትላንድ ኦፊሴል ቋንቋ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቈጠራው ከፍ ሲል ታየ፤ በ2022 ዓ.ም. 69 ሺህ 700 ያህል ተናጋሪዎች ተቈጠሩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስታችን ፍጹም በሆነ ነበር። ነገር ግን ያው ቈጠራ ሌላም ነገር ተናግሯል። የቋንቋው የመጨረሻ ምሽግ በሚባሉት በምዕራብ ደሴቶች የጌሊክ ተናጋሪዎች ቍጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ግማሽ በታች ወረደ። በ2020 ዓ.ም. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናትም በደሴቶቹ መንደሮች ጌሊክ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ በአሥር ዓመት ያህል ውስጥ ሊያከትም እንደሚችል አስጠነቀቀ። ይህ እንዴት ይሆናል? በከተማ የሚማረው ልጅ በዛ፤ በመንደር በእሳት ዳር የሚናገረው ቤተ ሰብ ግን አነሰ። ቋንቋው መምህር አገኘ፥ ሕግ አገኘ፥ መድረክ አገኘ፤ የሚያንሰው እናትና አባት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ በዓል ምን ይፈይዳል? ልጁ በሳምንቱ ውስጥ አሥር ዜማ ያጠናል፤ ትርጕሙን ሳያውቅ ቃሉን አሳምሮ ያዜማል፤ ቤቱ ሲመለስ ግን በእንግሊዝኛ እራቱን ይጠይቃል። ሁለተኛው ወገን ይመልሳል፤ በዓሉ ባይኖር ልጁ ያንንም አያገኝም ነበር፤ አባቱ ያፈረበትን ቋንቋ እርሱ ሊኰራበት የጀመረው በፌሽ ነው፤ የሚኰራበትን ነገር ሰው አይጥልም።

ሁለቱም የሚናገሩት እውነት እንዳለበት እናምናለን። ፍርዱን ግን በካናዳ ከሚኖሩት ከተሰደዱት ሰዎች ዘር ልንማረው እንችላለን። ከስኮትላንድ ደሴቶች የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች በኖቫ ስኮሺያ፥ በተለይም በኬፕ ብሬተን ደሴት ሰፍረው ነበር፤ በዚያም ጌሊክን በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ይናገሩት ነበር። የቫዮሊን አመታታቸውንና ጭፈራቸውን እጅግ አጥብቀው ስለ ያዙ፥ በስኮትላንድ ራሷ ተረስቶ የነበረውን የእግር ጭፈራ በኋላ ዘመን የተማሩት ከእነርሱ ነው። በ1938 ዓ.ም. የጌሊክ ትምህርት ቤትም አቋቁመዋል። ቋንቋው ግን ከዜማው ጋር እኩል አልተራመደም፤ ወላጆች በቤታቸው ለልጆቻቸው መናገር ስለ ተዉ ቫዮሊኑ ሲቀር ቃሉ አለቀ፤ ዛሬ ተናጋሪዎቹ ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ዜማ ቋንቋን ያስወድዳል እንጂ የቤትን ንግግር አይተካም። በዓል እንደ ክብሪት ነው፤ እሳቱን ይጭራል፤ እንጨቱን የሚያቀርብ ግን ባለቤቱ ነው።

በባራ ያሉ ብዙ ወላጆች ይህን ስለ ተረዱ የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል። ማንም እስኪያዛቸውና ገንዘብ እስኪሰጣቸው ሳይጠብቁ፥ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀመጡ። የአበው ተረት ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል። አያት ካለፈች በኋላ ድምፅዋን በመቅረጫ መስማት ይቻላል፤ ነገር ግን መቅረጫው ልጁ ሲሳሳት አያርመውም፥ የቃሉን ትርጕም ሲጠይቅም አይመልስለትም።

ይህን ስንጽፍ ከአገራቸው ርቀው በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ትዝ ይሉናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጆቻቸው አማርኛ እየሰሙ በሌላ ቋንቋ ሲመልሱላቸው ያያሉ። በየአጥቢያቸው ፊደል የሚያስቈጥሩላቸውና መዝሙር የሚያስተምሩላቸው ሰዎች መኖራቸው ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን የጌሊክ ተናጋሪዎች ታሪክ የሚያስተምረን በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ ትምህርት የስድስቱን ቀን ዝምታ ሊሸፍን እንደማይችል ነው። ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ አትቈጡት፥ አታሳፍሩትም፤ ኀፍረት የጌሊክን ቋንቋ እንዴት እንደ ጐዳው አይተናልና። እናንተ ብቻ በራሳችሁ ቋንቋ መናገራችሁን አታቋርጡ። እራት ስትበሉ፥ ስታስተኙት፥ ስትመርቁት በእናት ቋንቋው ይስማችሁ። ከአያቱ ጋር በስልክም ቢሆን ያለ አስተርጓሚ እንዲነጋገር አድርጉ።

የዓለም ቋንቋ መማር ለልጅ ኪሳራ አይደለም። የባራ ልጆች እንግሊዝኛን አሳምረው ያውቃሉ፤ ጌሊክን ሲማሩም እንግሊዝኛቸው አልጐደለባቸውም። የቀድሞ ወላጆች አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል የግድ ነው ብለው አሰቡ፤ ለዚህም አሳብ ልጆቻቸው ከአያቶቻቸው ጋር መነጋገሪያ እስከ ማጣት ደርሰው ዋጋውን ከፈሉ። ለልጅ ሁለት ቋንቋ ማውረስ ሲቻል አንዱን መንፈግ አይገባም። ይህንንም የሚያደርገው ሕግ ወይም መድረክ ብቻ አይደለም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጁ ጋር የሚነጋገር ወላጅ ነው።